ጉባ፡ ታሪካዊው የድንበር ወረዳ የሐይቅ ዳር ሆኗል

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል መተከል ዞን የሚገኘው የጉባ ወረዳ በምዕራብ ከሱዳን ይዋሰናል። ከአሶሳ ሲታይ ከዓባይ ማዶ ነው፤ ዋና ከተማው ማንኩሽ ይባላል። ቆላማው ወረዳ በማሽላው፣ በሰሊጡና በዕጣኑ ይታወቃል። አሁን ደግሞ ሐይቅ ተጨምሮለታል።

ጉባ ጎጃምን ከሱዳን ጋር ያገናኝ የነበረ የንግድ መተላለፊያ ነበር። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢውን ያስተዳድሩ የነበሩት ሼህ ሐምዳን አቡ ሾክ ሲሆኑ፣ የቤተ መንግሥታቸው ፍርስራሽ ከወረዳው ቅርሶች አንዱ ነው። ያ ዘመን የባሪያ ንግድ የጉሙዝን ሕዝብ ክፉኛ የጎዳበት ስለነበር፣ ታሪኩ ለጎብኚ ሲነገር ይህም አብሮ ሊነገር ይገባል። ከሱዳን ጋር ያለው ወሰን የተሰመረው ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በግንቦት 1894 ዓ.ም. በተፈራረሙት ውል ነው።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ የመያዝ አቅም ያለው ንጋት ሐይቅ ኮረብታዎችን ወደ ደሴትነት ለውጧል። ለጎብኚ ከግድቡ ቀጥሎ ትልቁ መስህብ ይኸው ነው።

ሐይቁ ግን ያለ ዋጋ አልመጣም። በዓባይ ዳር ማሽላ እየዘሩ፣ ዓሣ እያጠመዱና ወርቅ እያጠቡ ይኖሩ የነበሩ የጉሙዝ ቤተሰቦች ወደ አዳዲስ መንደሮች ተዛውረዋል። ስለዚህ የሐይቁ የመጀመሪያ ተጠቃሚዎች እነርሱ መሆን አለባቸው። በማኅበር ተደራጅተው ጀልባ፣ መረብና ማቀዝቀዣ ካላገኙ፣ ቆሮሶውም አምባዛውም ከሩቅ የሚመጣ ነጋዴ ሲሳይ ሆኖ ይቀራል።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለንግድ የሚደረግ ማስገር በፈቃድ እንዲሆን ይደነግጋል። አዋጁን ለአስጋሪው በቋንቋው ማስረዳት የወረዳው ባለሙያዎች ሥራ ነው። ጫጩቱን ጭምር የሚጠርግ ጠባብ መረብና ዓሣን በብርብራ ማፍዘዝ የነገን ምርት ዛሬ መጨረስ ነው።

አርሶ አደሩም ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ሐይቁ በክረምት ይሞላል፤ በበጋ ኃይል ሲመነጭበት ይቀንሳል፤ ዳርቻውም አብሮ ይመላለሳል። ውሃው በሚሸሽበት ሜዳማ መሬት ላይ ቶሎ የሚደርስ አትክልት ማልማት ይቻላል፤ ነገር ግን ውሃው መቼ እንደሚመለስ ከግድቡ አስተዳደር መረጃ ማግኘት ያስፈልጋል። ተዳፋቱን እስከ ውሃው አፋፍ ማረስ ግን አፈሩን ወደ ሐይቁ ይሰዳል፤ አርሶ አደሩ ማሳውን ያጣል፣ ሐይቁም በደለል ይሞላል። እዚህ ላይ ከእርሻ ይልቅ ቀርከሃና የዕጣን ዛፍ ቢጠበቁ ይሻላል።

የዳርቻው መሬት ለማን፣ ለምን ሥራ እንደሚሰጥ አስቀድሞ ከነዋሪው ጋር መወሰን አለበት። ሆቴሉና ሰፊው የባለሀብት እርሻ ቀድመው ቦታውን ከያዙት በኋላ ለአስጋሪው ጀልባ ማቆሚያ መፈለግ አስቸጋሪ ነው።