የመኪና ኤሲ ጋዝ ተቃጥሎ አያልቅም

አዲስ አበባ ውስጥ ኤሲ እንደ ትርፍ ነገር ይታያል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መስኮት ዝቅ ማድረግ ይበቃል ይባላል። በቀትር ሚሌን ያቋረጠ ወይም ወደ ድሬዳዋ የወረደ ግን ዋጋውን ያውቃል። እንደ ኤሲ የተራቀቀና የተናቀ የመኪና አካል እኔ አላውቅም።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ይጨምቃል፤ ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር አቀዝቅዞ ፈሳሽ ያደርገዋል፤ ከክሩስኮቱ ጀርባ ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥ ፈሳሹ ሲተን ከመኪናው ሙቀት ይወስዳል። ከዚያ ወደ ኮምፕሬሰሩ ይመለሳል። መኪናው ሥር የሚንጠባጠበው ውሃ ጤናማ ነው፤ አትደንግጡ።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኤሲው ሞቅ ያለ አየር ሲሰጥ "ጋዝ አልቋል" ይባላል፤ ይሞላል፤ ይከፈላል። ጋዙ ግን የሚዞረው በዝግ መስመር ውስጥ ነው፤ እንደ ቤንዚን አይቃጠልም። በላስቲክ ቱቦዎቹ በኩል በዓመታት ውስጥ ጥቂት ሊሰርግ ይችላል። ለገና ተሞልቶ ለፋሲካ ከጠፋ ግን ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ ቀዳዳው ሳይደፈን መሙላት ገንዘብን አየር ላይ መልቀቅ ነው።

አንዲት ጎረቤቴ ድሬዳዋ ለመውረድ በተነሳች ቁጥር ጋዝ ታስሞላ ነበር። ኮፈኑን ከፍተን በባትሪ ብናይ፣ ኮንደንሰሩ ከቱቦው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ጥቁር ቅባታማ አቧራ ተለጥፏል። ሌላው ቱቦ ደረቅ ነው። ጋዙ የኮምፕሬሰሩን ዘይት ይዞ ስለሚዞር፣ በሚያፈስበት ቦታ ዘይቱም ይወጣል፤ አቧራው እዚያ ይያዛል። ጥፋቱ ያረጀ ኦሪንግ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ የሞሉላት ባለሙያዎች ያችን እድፍ አለማየታቸው እስካሁን ያናድደኛል።

እንግዲህ ቤት ውስጥ ይሞከር? ከመስመሩ ውጭ ያለውን ሁሉ፣ አዎ። በብዙ መኪኖች ከክሩስኮቱ መሳቢያ ጀርባ ያለውን የአየር ማጣሪያ አውጥታችሁ እዩ፤ በአቧራ ከተደፈነ ነፋሱ ይደክማል። የኮንደንሰሩን ጭቃ በቀስታ በሚፈስ ውሃ እጠቡ፤ በኃይለኛ ግፊት ከሆነ ቀጫጭን ክንፎቹ ይታጠፋሉ። ፊውዙን፣ ቺንጋውን፣ የፋኑን መዞር ተመልከቱ።

መስመሩን መክፈት ግን አይሆንም። በብዙ መኪኖች ያለው አር-134ኤ የተባለው ጋዝ በባሕር ወለል ግፊት በ26 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይፈላል፤ ፈሳሹ ዓይን ወይም ቆዳ ከነካ በቅዝቃዜ ያቆስላል። አየር ላይ ሲለቀቅም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሺህ እጥፍ በላይ ምድርን ያሞቃል። መስመሩ በተከፈተ ቁጥር የሚገባው እርጥበትም ከውስጥ ይበላዋል፤ ስለዚህ ከመሞላቱ በፊት በቫኪዩም ፓምፕ መሳብ አለበት። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ነገር አለ፦ መጽሐፎቹ የቫኪዩም ጌጁ ወደ 29 ኢንች ሜርኩሪ ይውረድ ይላሉ። በእኛ ከፍታ አየሩ ራሱ ስስ ስለሆነ፣ ጥሩ ፓምፕም ቢሆን ከ22 ወይም ከ23 ብዙም አያልፍም። ይህን የማያውቅ ሰው ደህናውን ፓምፕ ይጥላል።

"ጨምርበት፣ ይቀዝቅዝ" የምትሉም ተዉ። ከልክ ያለፈ ጋዝ ግፊቱን አንሮ ማቀዝቀዙን ይቀንሳል፤ ኮምፕሬሰሩንም ይጎዳል። ትክክለኛው መጠን ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ በግራም ተጽፏል፤ የሚሞላውም በሚዛን ነው።

የአዲስ አበባ ነዋሪዎች፣ ብርድም ቢሆን በየሳምንቱ ለ10 ደቂቃ ያህል ኤሲውን አስነሱት፤ ዘይቱ ካልተዘዋወረ የኮምፕሬሰሩ ላስቲክ ይደርቅና ማፍሰስ ይጀምራል። ጋራዥ ስትሄዱም ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጋዙ በየት እንደወጣ አሳዩኝ በሉ።