አርማታን የሚበላው ጨው

ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠርና ውሃ ተቦክተው ሲደርቁ እንደ ድንጋይ ይጠነክራሉ። ይህን አርማታ እንለዋለን። የጉድጓዳችን ግድግዳ፣ የድልድያችን እግር፣ የመጋዘናችን መሠረት ይሠራበታል። ገንዘብ አዋጥተን፣ ጉልበት አፍስሰን የሠራነው አርማታ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሲፈረፈር የምናይበት ጊዜ አለ። ምን በላው?

አንዱ ምክንያት ሰልፌት የሚባል ጨው ነው። ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ጨው አይደለም። ሐኪም የተሰበረ እግር የሚያስርበት ጀሶ፣ እሱ ሰልፌት ነው። በዓባይ ሸለቆ፣ ጎሐ ጽዮን አካባቢ የጀሶ ድንጋይ በብዛት ይገኛል። እንዲህ ባለ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ ውሃ ጨውን አሟሙቶ ይዞት ይሄዳል።

ጨው ደረቅ ሳለ አርማታን እምብዛም አይጎዳም። ውሃ ሲያገኝ ግን በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ይገባል። እዚያም ከሲሚንቶው ጋር ተዋሕዶ እንደ መርፌ የሾሉ ጥቃቅን ነገሮችን ይፈጥራል። እነዚህም ሰፊ ቦታ ይፈልጋሉ። ደረቅ ባቄላ በጠርሙስ ሞልተን፣ ውሃ ጨምረን ብንከድነው አብጦ ጠርሙሱን ሊሰነጥቀው ይችላል። አርማታም እንዲሁ ከውስጥ ተገፍቶ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ደግሞ ሌላ ውሃ ይገባል። መጀመሪያ ጠርዙ ይረግፋል፤ ውሎ አድሮ ሌላውም በእጅ ሲነኩት ይፈረፈራል። ድሮ ሊቃውንት «የሲሚንቶ ጀርም» ብለውት ነበር። ሕይወት ግን የለውም።

የሚገርመው፣ በፋብሪካም ሲሚንቶ ሲፈጭ ጥቂት ጀሶ ይጨመርበታል። ያለዚያ ውሃ እንደነካው ቶሎ ይደርቅ ነበር። ያ ጀሶ አርማታው ገና ለስላሳ ሳለ ሥራውን ስለሚጨርስ አይጎዳም። የሚጎዳው አርማታው ከጠነከረ በኋላ ከውጭ የሚገባው ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? የጉድጓዱ ውሃ ቢመር፣ የእንግዳ ሰው ሆድ ቢያላላ እንጠርጥር፤ ከመገንባታችን በፊትም እናስመርምረው። ግድግዳ ላይ ነጭ ነገር ስለታየ ብቻ ሰልፌት ነው አይባልም፤ ሌላም ጨው እንዲሁ ያደርጋል። ሰልፌትን የሚቋቋም የሲሚንቶ ዓይነት ስላለ ጠይቀን እንግዛ። ከሁሉም በላይ ግን ቡኮው አይቅጠን! ለመዛቅ ይቀለናል ብለን ውሃ ስናበዛ፣ ትርፉ ውሃ ተንኖ የሚተወው ቀዳዳ ለጨው በር ይሆናል። ስለዚህ ጠቅጥቀን እንሙላው። ከዚያም ቢያንስ 7 ቀን ንጹሕ ውሃ እናጠጣው። በመሠረቱ ዙሪያም ቦይ ቀደን ውሃውን እናርቀው።