መሻገሪያ ለማን ይሠራል?

በሥነ ሕንፃ ሙያ ገንዘብና ፈቃድ ከመገኘቱ በፊት፣ ሊሆን የሚችለውን በሐሳብ መንደፍ የተለመደ ነው። በዘመናችን እንዲህ ያለ ንድፍ ከሚያተኩርባቸው ጉዳዮች አንዱ የስደተኞች መንገድና የድንበር መሻገሪያ ነው። ዋናው ጥያቄም፣ መሻገሪያ የሚሠራው ለጠባቂው ነው ወይስ ለተሻጋሪው? የሚል ነው።

ለሞጣ ሕዝብ ጥያቄው እንግዳ አይደለም። በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት የዐባይ ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተቆርጦ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት ተሻጋሪው በገመድ ታስሮ ከክፍተቱ በላይ እየተጎተተ ያልፍ ነበር። በ1994 ዓ.ም. ክፍተቱ በብረት ተጋጠመ፤ ቆይቶም ጎርፍ ወሰደው፤ በ2001 ዓ.ም. በአቅራቢያው ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ከዚህ የምንረዳው፣ ድልድይ ቢሰበር ሰው መሻገሩን እንደማይተውና የሚጨምረው አደጋው ብቻ እንደ ሆነ ነው።

በአገር ድንበርም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያና ኬንያ በኅዳር 2013 ዓ.ም. በሞያሌ የመረቁት የጋራ ኬላ፣ የሁለቱ አገሮች ሠራተኞች ጎን ለጎን ሆነው መንገደኛውን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያስቆሙ ታስቦ የተሠራ ነው። ይህ ግን የሚጠቅመው ሕጋዊ ሰነድ ለያዘ ነው። ከቢቸናና ከሞጣ ገጠሮች ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ ወደ ሱዳን ከሚሻገረው ወጣት መካከል ሰነድ የሌለው ብዙ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ፣ ብዙ ሺህ ሰዎች በዚያው በመተማ በኩል ገብተዋል፤ ተመላሽ ኢትዮጵያውያንም ነበሩባቸው። እንዲህ ላለ መንገደኛ ከኬላው ሕንፃ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ጥላ፣ ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤትና ያለ ፍርሃት የሚያድርበት ስፍራ ነው።

ለመንገደኛ መሥራት ለቤተ ክርስቲያናችን አዲስ ሥራ አይደለም። በዲማ ጊዮርጊስና በሌሎች የጎጃም ጉባኤ ቤቶች ከሩቅ አገር የመጣው የአብነት ተማሪ በትንሽ ጎጆ ተጠልሎ ይማራል።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት የእንግዳ ማረፊያ ሲያቅዱ፣ ከግንባታው በፊት የመንገደኛውን ጉዞ በወረቀት ይንደፉ። ከመናኸሪያ ወርዶ ሲመሽበት የት ያድራል? ለሴቶች የተለየ ክፍልና ከውስጥ የሚቆለፍ መጸዳጃ አለ ወይ? ስለ ደላሎች አደጋ የሚመክር፣ መንገደኛው ሲፈቅድም የቤተሰቡን ስልክ የሚመዘግብ ካህን የሚቀመጥበት ስፍራስ?

ይህ ስደትን ማበረታታት እንዳይመስል የሚሰጉ አባቶች ይኖራሉ። ነገር ግን ምክር የሚሰማው ያረፈ ሰው ነው፤ በማረፊያው አንድ ሌሊት የሚያድር ወጣት ሐሳቡን ለውጦ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል፤ ቢሄድም ወላጆቹ በየት እንዳለፈ ያውቃሉ።