በሞተር ሳይክል ከሉማሜ እስከ ሞጣ

በቀድሞ ዘመን አገር ለማየት የሚወጣ መንገደኛ ወይ በእግሩ ይሄድ፣ ወይ በቅሎውን ይጭን ነበር። መኪና ከመጣ ወዲህ መንገዱ አጠረ፤ ነገር ግን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ደብረ ማርቆስ የሚደርሰው ተሳፋሪ ያን ሁሉ አዝመራ፣ ያን ሁሉ ደብርና መንደር በመስኮት አሳልፎ፣ ከአንድም የአገሩ ሰው ጋር ሰላምታ ሳይለዋወጥ ይወርዳል። ሞተር ሳይክል በእነዚህ በሁለቱ መካከል የቆመ ነው፤ ከእግረኛ ይልቅ ሩቅ ያደርሳል፣ እንደ በቅሎም ጌታው በወደደው ስፍራ ይቆማል፣ ነፋሱንና የእሸቱን ሽታም ከመንገደኛው አይከለክልም።

ይህን አስቀድመው የተረዱት በደቡብ ምሥራቅ እስያ ገጠሮች የሚዘዋወሩ ተጓዦች ናቸው። በሰሜን ቬትናም ሃ ዣንግ በምትባለው ተራራማ አካባቢ፣ ከገደል ጫፍ ላይ እየተጠማዘዘ በሚሄደው ጎዳና፣ ከዓለም ማዕዘናት የመጡ ሰዎች ሞተር ተከራይተው፣ በተራራው ወገብ ላይ በእርከን የተዘራውን ሩዝና ከማሳው የሚመለሰውን ጎሽ እያዩ ይውላሉ። የሚነዱትም የብልጽግና ምልክት ሆኖ የተሠራውን ከባድ ሞተር ሳይሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ገበሬው ራሱ ወደ ገበያ የሚሄድበትን ዓይነት ነው። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1958 ለገበያ ያወጣው ሱፐር ካብ የተባለው ትንሽ ሞተር እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረተው ቍጥር 100 ሚሊዮን መድረሱ፣ ይህ መሣሪያ በመጀመሪያ የድካም ወዳጅ፣ ቀጥሎም የሽርሽር ባልንጀራ መሆኑን ይመሰክራል። በእኛም አገር ሞተርን ወደ ገጠር ያገባው ሽርሽር አይደለም፤ የግብርና ባለሙያው፣ ክትባት የያዘው የጤና ሠራተኛና ነጋዴው ናቸው። ስለዚህ ምሥራቅ ጎጃምን በሞተር የሚጎበኝ ሰው በሕዝቡ ዘንድ እንግዳ የሆነ መሣሪያ ይዞ አይመጣም።

የአዋበል ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ሉማሜ በደጀንና በደብረ ማርቆስ መካከል በአውራ ጎዳናው ላይ ስለምትገኝ፣ ለአንድ ቀን ጉዞ መነሻነት ትመቻለች። ማለዳ ከመነሣት በፊት ግን መሣሪያውን መመርመር ይገባል። የጎማው ነፋስ ይታያል፤ ፍሬኑ ይሞከራል፤ ካቴናውም በጣት ሲገፉት ጥቂት መላወስ አለበት፣ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ይበጠሳልና፣ ከላላም ከጥርሱ ይወልቃልና። አንድ መለዋወጫ ካንዴላ፣ አንድ ካላማዳሪያ፣ የጎማ መንቀያና መንፊያ የያዘ ሰው ጎሚስታ በሌለበት ሜዳ አይቸገርም። ስለ ሄልሜት ብዙ መናገር አያሻም፤ ያለ እርሱ መነሣት አይገባም።

ከሉማሜ ወደ ደጀን ተጉዞ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን የሚገነጠለውን የቢቸናን መንገድ ይይዛሉ። ከደጀን እስከ ሞጣ ያለው 140 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቍጥሩን አይቶ ፈጥኖ ለመድረስ የሚቸኩል ግን የጉዞውን ፍሬ ጥሎት ያልፋል። በግራ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጮቄ ተራራ ቆሟል፤ ከእርሱ የሚፈልቁት እንደ ሙጋና ሱሃ ያሉ ወንዞች ደጋውን እየሰነጠቁ በስተቀኝ ወዳለው የዓባይ ሸለቆ ይወርዳሉ። በመካከል የተዘረጋው ሜዳ በጤፉ የታወቀ ነው። መሬቱ ጥቁር መረሬ በመሆኑ በክረምት ከአስፋልቱ የወጣ ሞተር ጎማው በጭቃ ተጠቅልሎ መዞር ይሳነዋል፤ ያው መሬት በበጋ ይሰነጠቃል። የተመረጠው ወራት እንግዲህ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ዘመነ ጽጌና ከእርሱ የሚቀጥለው የአጨዳ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ መንገዱ ደርቋል፣ አቧራውም ገና አልበዛም፣ ማሳውም ከአረንጓዴ ወደ ወርቅማነት ይለወጣል።

በመከር ወራት ከመንገዱ ዳር አውድማ አይታጣም። በሬዎቹ ተጣምረው በነዶው ላይ ይዞራሉ፤ ከኋላቸው ያለው ልጅ አለንጋውን ከመምታት ይልቅ በአየር ላይ ያጮኸዋል፤ አባትየው በመንሽ ገለባውን ሲገለብጥ ከሥሩ እንደ አሸዋ የደቀቀው ፍሬ ብቅ ይላል። ሞተሩን አጥፍቶ «እግዜር ያበርታ» ያለ መንገደኛ፣ «ኧረ ልጄ፣ ውረድና ቤት ያፈራውን ቅመስ» ሳይባል አይቀርም። «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ፣ መንገድ አለብኝ» ቢል፣ «መንገድማ ሁልጊዜ አለ» የሚል መልስ ያገኛል። ጠላውን ለማታ ማቆየት ግዴታ ቢሆንም፣ ቆሎውን ተቀብሎ ከጥላው ሥር ጥቂት መቀመጥ የጉዞው ዋና ክፍል እንጂ ማጓተቻ አይደለም።

የእነማይ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ቢቸና የአርበኛው የበላይ ዘለቀ አገር ናት፤ እርሱ የጣሊያንን ወራሪ አምስቱን ዓመት ሙሉ ከዚህ ደጋና ከዓባይ ቆላ እየተነሣ ሲዋጋ ኖሮ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት መሞቱ እስከ ዛሬ ልብ ያደማል። ከዚያው አካባቢ በቅኔ ትምህርቷ ስሟ የገነነው ዲማ ጊዮርጊስ ትገኛለች። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ የፊታውራሪ መሸሻን ቤት በኅሊናው የሠራው በዚህች ደብር ነውና፣ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በወጣትነታቸው የተማሩባትን ስፍራ በዓይን ማየት መጽሐፉን ዳግመኛ ለማንበብ ያነሣሣል።

በመንገዱ ላይ የሚያሠጋው ከመኪና ይልቅ እንስሳ ነው። ጭነት ያለባት አህያ ክላክስ ብትሰማ ወደ መካከል ትገባለች እንጂ አትሸሽም፤ በቅሎ ደግሞ ትደነብራለች። በበቅሎ የሚመጡ አባት ሲታዩ ማርሽ ቀንሶ ዳር መያዝ፣ ለቅሶ ሲያልፍ ሞተሩን ጨርሶ አጥፍቶ መውረድና ኮፍያን ማንሣት ይገባል። ይህን የማያደርግ አሽከርካሪ ከኋላው ለሚመጡት ሁሉ የሕዝቡን ፊት ያጠቁራል።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የበረታው ግጭት ይህን መንገድ ከጎብኚ አራርቆታል። ሰላም ሳይጸና ለሽርሽር ሊወጡበት አይገባም፤ ለነዋሪው ለራሱ ገበያና ሐኪም ቤት መሄድ ጭንቅ በሆነበት ጊዜ የጎብኚ መቅረት ከሐዘኑ ትንሹ ክፍል ነው። ይህ የተጻፈው ግን ሰላም የሚጸናበት ቀን እንዲመጣ ከልብ በመመኘት ነው።

ከቢቸና በኋላ ጥንታዊቱ ደብረ ወርቅ ማርያም አለች፤ ከዚያም ጉንደወይንን አልፎ ሞጣ ይገባል። ከሞጣ ርቆ፣ በዓባይ ላይ፣ ከዐፄ ፋሲል ዘመን የተረፈው ሰባራ ድልድይ ይገኛል። በጠላት ወረራ ጊዜ አርበኞች መካከሉን ስላፈረሱት የጎጃምና የጎንደር ሰው ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተሳበ ይሻገር ነበር፤ ኋላ በውጭ አገር በጎ አድራጊዎች የተሠራውን መሻገሪያ ጎርፍ ወሰደው፣ በምትኩም በ2001 ዓ.ም. ግድም የተንጠለጠለ ድልድይ ተዘረጋ። ወደዚያ የሚወርደው ቁልቁለት የእግር መንገድ በመሆኑ ሞተሩን ሞጣ አሳድሮ፣ መንገዱን የሚያውቅ የአገሩን ሰው ይዞ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ መነሣት ይሻላል። ወደ ባሕር ዳር የሚቀጥል ቢሆን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል፤ ከብቱ ሁሉ ወደ በረቱ የሚመለሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስለሆነ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ ከሞጣ ባይወጣ መልካም ነው።