ዶክትሬት ያልነበራቸው የአፍሪካ ታሪክ መምህር

ኢኮኖሚክስ ስንማር ዲግሪ ለቀጣሪው ምልክት ነው ይሉን ነበር። ምልክቱን የሚሰጥ ተቋም ከሌለስ? የዊልያም ሊዮ ሃንስበሪ ነገር እንዲያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1894 ሚሲሲፒ የተወለዱት ጥቁር አሜሪካዊ ከሃርቫርድ ተመርቀው በ1922 ዋሽንግተን፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። የሚያስተምሩት የጥንት አፍሪካን ታሪክ ነው። ያኔ ብዙ ምሁር "አፍሪካ ደግሞ ምን ታሪክ አላት?" ባይ ነበር። የገዛ ባልደረቦቻቸው ሳይቀሩ "ማስረጃ የሌለው ነገር ያስተምራል" ብለው ስሞታ አቀረቡባቸው። ትምህርቱ ለጥቂት ተረፈ፤ የምርምር ገንዘብና እድገት ግን ለረጅም ጊዜ ራቃቸው። በ1932 ማስተርሳቸውን ያዙ። ዶክትሬቱስ? በዚህ ዘርፍ እሳቸውን የሚያማክር ከየት ይምጣ! ያም ሆኖ ዶክትሬት የለህም መባሉ አልቀረላቸውም፤ እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

በ1934፣ ጣሊያን ሊወረን አንድ ዓመት ሲቀረው፣ እዚያው ሕክምና ይማሩ ከነበሩት መላኩ በያን ጋር ሆነው ለኢትዮጵያ የሚቆም የጥናት ምክር ቤት አቋቋሙ። ካስተማሯቸው አንዱ ናምዲ አዚኪዌ የናይጄሪያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ።

በ1959 ጡረታ ወጡ። በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት ለአፍሪካ ጥናታቸው ሸለማቸው፤ በዓመቱ አረፉ። ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ የጻፉት መጽሐፍ ሆኖ የወጣው በ1974 ነው። አሳታሚው? ያው ሃዋርድ።