ከተዋናይነት ወደ አዘጋጅነት፦ የፍሴቮሎድ ሜየርሆልድ የቴአትር ሕይወት

በቴአትር ሙያ አዘጋጅ የሚባለው የተውኔቱን ጽሑፍ ተቀብሎ፣ ተዋንያንን መርጦና አለማምዶ፣ የመድረኩን ቅርጽ ከብርሃኑና ከሙዚቃው ጋር አስማምቶ ትርኢቱን ለተመልካች የሚያበቃው ባለሙያ ነው። ይህ ሥራ በሩሲያ ራሱን የቻለ ጥበብ እንዲሆን ካደረጉት አንዱ የሆነው ፍሴቮሎድ ሜየርሆልድ ሙያውን የጀመረው በተዋናይነት ሲሆን፣ በኋላ የሞከራቸው እርስ በርስ የሚቃረኑ የሚመስሉ ስልቶች ሁሉ ተዋናይ በአካሉ ምን ሊናገር ይችላል ከሚለው ጥያቄ የመነጩ ናቸው።

በ1874 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፔንዛ ከተማ ከጀርመን ተወላጆች የተወለደው ሜየርሆልድ የሕግ ትምህርቱን ትቶ በኔሚሮቪች ዳንቼንኮ ሥር ትወና አጠና፤ መምህሩ ከኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ ጋር የመሠረተው የሞስኮ አርት ቴአትር በ1898 ሲከፈትም ከመጀመሪያዎቹ ተዋንያን አንዱ ሆነ። በዚያው ዓመት በቼኾቭ «የባሕር ወፍ» ለቴአትር አዲስ ቅርጽ የሚሻውን ወጣት ጸሐፊ ትሬፕሌቭን ተጫወተ፤ የገጸ ባሕርዩ ጥያቄም የተዋናዩ የዕድሜ ልክ ሥራ ሆኖ ቀረ። የቴአትር ቤቱ አሠራር ግን የእንቁራሪትና የውሻ ድምፅ እንኳ ሳይቀር ኑሮን እንዳለ መድረክ ላይ ማሳየት ነበር።

በ1902 ከዚያ ወጥቶ በኬርሶን የራሱን ቡድን እየመራ ማዘጋጀትን በሥራ ላይ ተማረ። በ1905 ስታኒስላቭስኪ ጠርቶት የሙከራ ስቱዲዮ ቢሰጠውም ስቱዲዮው ለሕዝብ ሳይከፈት ተዘጋ። በ1906 መጨረሻ በሴንት ፒተርስበርግ የአሌክሳንደር ብሎክን አጭር ተውኔት ሲያዘጋጅ ፒዬሮ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ራሱ ተጫወተ። ከ1908 ጀምሮ በንጉሣዊ ቴአትሮች ትላልቅ ትርኢቶችን እያዘጋጀ፣ በጎን ደግሞ ዶክተር ዳፐርቱቶ በሚል ስም ኮሜዲያ ዴል አርቴን፣ ማለትም በጭንብልና በቅልጥፍና ላይ የቆመውን የጥንት ጣሊያናውያን የአደባባይ ቴአትር፣ ይመረምር ነበር።

ከ1917ቱ አብዮት በኋላ ይህ ምርምር ባዮሜካኒክስ የተባለ የተዋናይ ሥልጠና ወለደ። ስታኒስላቭስኪ ተዋናዩ የገጸ ባሕርዩን ስሜት በውስጡ እንዲፈልግ ሲያስተምር፣ ሜየርሆልድ ግን በትክክል የተንቀሳቀሰ አካል ስሜቱን ራሱ ይጠራዋል ብሎ ያምን ነበር። «ቀስት መወርወር» በተባለው ልምምድ ሠልጣኙ ሁለት ጊዜ አጨብጭቦ ይጀምርና በእጁ የሌለውን ቀስት አንስቶ፣ ገትሮና አነጣጥሮ ይለቅቃል፤ ወደ ፊት ከመሄዱ በፊት ግን ጥቂት ወደ ኋላ፣ ከመነሣቱም በፊት ጥቂት ወደ ታች ይላል፤ ይህ ተቃራኒ ቅድመ እንቅስቃሴ የተመልካቹን ዓይን ለዋናው ድርጊት ያዘጋጃል። በ1922 በቀረበው «ታላቅ ልብ ያለው ባል» በተሰኘው ትርኢት ሠዓሊዋ ሊዩቦቭ ፖፖቫ ግድግዳና መጋረጃን አስቀርታ መሰላል፣ ተንሸራታችና የሚሽከረከር ጎማ ያለው የእንጨት ማዕቀፍ ስለሠራች፣ ሰማያዊ የሥራ ልብስ የለበሱት ተዋንያን መላ አካላቸውን እንደ መሣሪያ ሊጠቀሙበት ቻሉ።

ከሥራዎቹ ሁሉ የላቀው በ1926 ያዘጋጀው የጎጎል «ዋናው ተቆጣጣሪ» ሳይሆን አይቀርም። እዚህ ላይ ያንኑ ፈጣን ተዋናይ ወደ ተመልካቹ በሚገፋ ጠባብ ተንቀሳቃሽ መድረክ ላይ ከብዙ ሰው ጋር አጨናንቆ አስቀመጠው፤ በዚህም የዓይን ጥቅሻና የጣት ንቅናቄ እንኳ ክብደት አገኙ። በመዝጊያው ትዕይንት የተውኔቱ ሹማምንት በድንጋጤ ደርቀው ሲቀሩ የሚታዩት ተዋንያን ሳይሆኑ በሰው ቁመት የተሠሩ አሻንጉሊቶች ነበሩ።

መንግሥት ኪነ ጥበብን ሁሉ በአንድ መልክ ለመቅረጽ ሲነሣ፣ ሜየርሆልድ ይመራው የነበረው ቴአትር ለሶቪየት ሕዝብ ባዕድ ነው ተብሎ በጥር 1938 ተዘጋ። ሌሎች በሸሹት ጊዜ በራሱ የኦፔራ ቴአትር ሥራ የሰጠው በአሠራር ተቃራኒው ተደርጎ የሚታየው ስታኒስላቭስኪ ነበር፤ እሱም በመጨረሻ ዘመኑ ወደ አካላዊ ድርጊት ማዘንበሉ ሲታሰብ፣ ሁለቱን ፍጹም ተቃራኒ አድርጎ የማየት ልማድ ልክ አይመስልም። ስታኒስላቭስኪ በነሐሴ 1938 ሞተ፤ ሜየርሆልድም በሰኔ 1939 ታስሮ፣ ተገርፎና የሐሰት ቃል እንዲሰጥ ተገዶ በየካቲት 2 ቀን 1940 ተረሸነ።

ስሙ በፍርድ ቤት የጸዳው በ1955 ነው። ማኅደሩ የተረፈው ተማሪው የነበረው የፊልም ባለሙያ ሰርጌይ ኤይዘንሽቴይን ለራሱ ሳይሳሳ ከከተማ ውጭ በነበረው ቤቱ ስለ ደበቀው ነው፤ ልምምዶቹን ደግሞ የቀድሞ ተዋናዩ ኒኮላይ ኩስቶቭ በ1970ዎቹ በሞስኮ የሳታየር ቴአትር ለወጣት ተዋንያን አስተማረ፤ ከእነርሱ አንዱ የሆነው ጌናዲ ቦግዳኖቭም በኋላ በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ ተዋንያንን አሠልጥኖባቸዋል።