ዜሮም ይጻፍ

ወፍ የሚቆጥሩ በጎ ፈቃደኞችን ሳሠለጥን የሚያስቸግረኝ ንስርን ከጭልፊት ማስለየቱ አይደለም፤ እሱ በጥቂት ቅዳሜዎች ይለመዳል። ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ባዶ ሰማይ ሲያይ ቆይቶ ቅጹ ላይ «0» ብሎ እንዲጽፍ ማሳመኑ ነው ጣጣው። እንግዳን ባዶ እጁን መሸኘት ነውር በሆነበት አገር፣ ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣን ባለሙያ «ምንም አላየንም» ብሎ መመለስ ይከብዳል። ስለዚህ አንድ ሁለት ንስር ይጨመርልኛል፤ ለይሉኝታ።

የምንቆጥርባት ጥያ የምትታወቀው በትክል ድንጋዮቿ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ጎብኚውም የተቀረጸውን ሰይፍ አጎንብሶ ሲያይ ይውላል። ቀና ብሎ ሰማዩን የሚያይ ጥቂት ነው። ቦታው ግን ለዚህም የተመቸ ነው፦ በምዕራብ የጉራጌ ተራሮች፣ በምሥራቅ ወደ ዝዋይ የሚወርደው ስምጥ ሸለቆ። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ንስሮችና ነጭ ሽመላዎች ክንፍ እያራገቡ ሩቅ መጓዝ ያደክማቸዋል። ፀሐይ ያሞቀችው አየር ሲነሳ ተሳፍረውት እየዞሩ ከፍ ይላሉ፤ ከዚያ ክንፋቸውን ዘርግተው ይንሸራተታሉ። በሰፊ ውኃ ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማይነሳላቸው ከንስሮቹ ብዙዎቹ ቀይ ባሕርን የሚሻገሩት በጠባቡ፣ በባብ ኤል መንደብ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የስደት ወቅት ጂቡቲ ዳርቻ ላይ የቆጠሩ ሰዎች ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ አሞራዎችን መዝግበዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ75 ሺህ የሚበልጡት በሩሲያና በካዛክስታን ሜዳዎች የሚራቡት ቡናማ ንስሮች ነበሩ። ይህ ንስር እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ገብቷል። ሁሉም በጥያ ላይ ያልፋሉ አልልም፤ ሸለቆው ሰፊ ነው።

እዚህ የሚያግዙኝ አንድ የሳይንስ መምህር፣ ተማሪዎቹና መሬታቸውን ለልጆቻቸው ያካፈሉ አንድ አባት ናቸው። ሥራው ከመስቀል በኋላ ስለሚጀመር የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ ስለ መስቀል ወፍ ነው፤ እሷስ ከየት ነው የምትመጣው? ብዙ ሰው የመስቀል ወፍ የሚላት ጥቁርና ብጫዋ ወፍ ከየትም አትመጣም። ወንዱ ክረምት ሲገባ የሠርግ ልብሱን ይለብሳል፤ በበጋ ያን አውልቆ ድንቢጥ መስሎ እዚያው ማሳ ውስጥ ይከርማል። ይህን ስነግራቸው አባባ «ታዲያ ዓመት ሙሉ እህላችንን አብራን ስትበላ ኖራለቻ!» ብለው ሳቁ።

ቆጠራው የሚጀመረው ከረፋዱ 3 ሰዓት ግድም፣ መሬቱ ሞቅ ሲል ነው። አንዱ በመነጽር ያያል፣ ሌላው ይጽፋል። መንጋ ሲመጣ አንድ በአንድ መቁጠር አይሆንም፤ አሥሩን ቆጥሮ ስፋታቸውን በዓይን መያዝ፣ ከዚያ በዚያው ልክ መንጋውን መስፈር ነው። ጤፍ በቁና ሲሰፍር የኖረ ሰው ይህ ከእኔ በተሻለ ይገባዋል።

ባሕር ያላቸው አገሮች ዓሣ ነባሪን የሚቆጥሩትም እንደዚሁ ተቀምጠው ነው። ሎስ አንጀለስ አቅራቢያ ፖይንት ቪሴንቴ በሚባል ገደል ላይ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች ከሰሜኑ ውቅያኖስ ወደ ሜክሲኮ ሲወርዱና ሲመለሱ ይመዘግባሉ። ከዚያው ጠረፍ ወደ ሰሜን ራቅ ብሎ፣ የአሜሪካ መንግሥት ተመራማሪዎች ከዳርቻ ቆጥረው በሚያወጡት ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 27 ሺህ የነበረው ቁጥር በ2023 ወደ 14,500 ገደማ ወርዷል። ቆጣሪው ባዶ በዋለበት ቀን አፍሮ «ሁለት» እያለ ቢጽፍ ኖሮ ይህ ቁልቁለት ማን ያየው ነበር?

የእኛም ሐይቆች ይህን ያውቁታል። በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የሚፈለፈሉት ነጭ ፔሊካኖች ቀለባቸውን የሚያገኙት ከጎረቤቱ ከአብያታ ነበር። የቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ የሐይቁም ውኃ ለሶዳ አሽ ሲቀዳ አብያታ ሸሸ፤ ጨውነቱ በረታ፤ ዓሣው አለቀ። ፔሊካኑም ወደ ሌላ ሐይቅ ማማተር ግድ ሆነበት። እንዲህ ያለው ለውጥ በጥቂት ዓመት ቆጠራ አይያዝም። በዓለም ዙሪያ በጥር አካባቢ የሚደረገው የውኃ ወፎች ቆጠራ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ የሚደጋገመው ለዚሁ ነው።

እኔ ግን ለበጎ ፈቃደኞቼ ከሁሉ አስቀድሜ የምነግራቸው ስለ በርጋ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ባለው በዚህ ረግረግ ውስጥ ነጭ ክንፍ ያላት አንዲት ትንሽ ወፍ እንደምትራባ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በክረምት ሣር ውስጥ ተሸሽጋ ስለምትኖር ዓይን ለዓይን የሚያያት ሰው እምብዛም ነው። የአካባቢው ገበሬዎች ግን ተደራጅተው፣ ከብት የሚገባበትን ጊዜ ወስነው ረግረጉን ጠብቀዋል። አብዛኛውን ቀን ዜሮ የሆነችን ወፍ መጠበቅ ማለት ይኸው ነው።

ስለ አበል ሳልናገር አላልፍም። በበጎ ፈቃድ ነው እያልን ሰው በባዶ ሆዱ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ደግ አይደለም፤ ለሻይና ለባጃጅ ይገባዋል። ነገር ግን «ጥሩ ውጤት ላመጣ» ተብሎ የሚሰጥ ገንዘብ ወፍ ያበዛል። አንድ ፕሮጀክት እንዲህ አድርጎ ሲያስቆጥር ንስሩ ከየት መጣ እስኪባል በዝቶ አይቻለሁ። እኛ ሂሳቡን በሰዓት አድርገነዋል፤ ሰማዩ ሙሉም ይሁን ባዶ ሁለት ሰዓት የተቀመጠ የሁለት ሰዓቱን ይወስዳል። ከቤት እስከ መቁጠሪያው ጉብታ ያለው መንገድ ይታሰብ አይታሰብ በሚለው ላይ ግን ከመምህሩ ጋር እስካሁን አልተስማማንም። አባባ በመምህሩ በኩል ናቸው።